እማማ መኪና

የሠፈራችንን ሕፃናት ወደ አፀደ ሕፃናት የሚያመላልሰውን ሚኒባስ የሚነዳውን ሰው በስሙ የሚጠራው የለም። ሁላችንም ጋሽ ቀስ ነው የምንለው። ልጅ ሲሮጥ ካየ «ቀስ»፣ በር ሲወረወር «ቀስ»፣ እናት ከልጇ ጋር ስትነታረክ «ቀስ የኔ እመቤት» ይላል። አነዳዱም እንደ ስሙ ነው። ባለቤቴ «እሱ መኪና ላይ የወጣ ልጅ ትምህርት ቤት እስኪደርስ ጢም ያበቅላል» እያለ ይቀልዳል። እኔ ግን ልጄን እዚያ ያስገባኋት ለዚሁ ቀስታው ብዬ ነው። ላውንደሪ ቤት የሰው ሸሚዝ ስተኩስ የምውል ሴት ነኝ፤ ሐሳብ የገባት ተኳሽ ደግሞ የሰው እጅጌ ታቃጥላለች።

ልጄን ድንቡሼ ነው የምንላት፤ ስሙን ያወጣላት ጉንጯ ነው። ፀጉሯን ማበጠር የየጠዋቱ ጦርነት ነበር፤ እኔ በማበጠሪያ፣ እሷ በጩኸት። አንድ ቀን ግን ማበጠሪያውን ራሷ ይዛ መጣችና ጉልበቴ መሀል ተቀመጠች።

«ዛሬ ምን ተገኘ?» አልኳት።

«እማማ መኪና ተበጠሪ ብላኛለች።»

«እማማ መኪና ደግሞ ማናት?»

«መኪናዋ ናታ።»

«መኪና ታወራለች እንዴ?»

«ታወራለች። አንቺን ግን አታወራሽም።»

ያን ዕለት ሳቅኩ። የልጅ ወሬ ነው ብዬ ተውኩት። ግን ነገሩ እየበዛ ሄደ። ወተቷን ጭልጥ አድርጋ ትጠጣለች፤ እማማ መኪና ብላለች። ጥፍር መብላቱን ተወች፤ እማማ መኪና ብላለች። እኔ ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ ከረሜላ ገዝቼ ያላገኘሁትን አንዲት መኪና በአንድ ቃል ታገኘዋለች። መልካም ነገር መሆኑን አጥቼው አይደለም። ግን ቤትሽ ገብታ የድስትሽን ጨው ያስተካከለችልሽን ጎረቤት አስቢያት፤ ጨዉ ልክ ሆኗል፣ አንጀትሽ ግን አርሯል።

ከሁሉ የባሰብኝ የራት ሰዓት ነበር። «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ስላት «ለእማማ መኪና ነግሬያታለሁ» ትላለች፤ አንዴ የተነገረ ነገር ሁለተኛ አይነገርም በሚል ዓይነት። ባለቤቴ ጉርሻውን ይዞ ሳቀ።

«ጣውንት መጣብሽ» አለኝ፣ «ያውም ባለ አራት ጎማ።»

«ዝም ብለህ ብላ» አልኩት።

በማግስቱ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁና ልጆቹ የሚወርዱበት ቦታ ቆምኩ። ድንቡሼን አውርጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር ወደ ቤት ከሸኘኋት በኋላ ለጋሽ ቀስ «ባርኔጣዋ መኪናው ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ ልይ» አልኩትና ገባሁ። መኪናው ውስጥ የሙዝና የናፍጣ ሽታ አለ። መቀመጫዎቹን በእጄ ዳበስኩ፣ ከሥራቸው አጎንብሼ አየሁ፣ ጆሮዬን በሩ ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ ላይ ለጠፍኩ። ጋሽ ቀስ በስፖኪዮው ሲያየኝ ቆይቶ ኖሯል።

«ባርኔጣ እዚያ ውስጥ ይገባል እንዴ?» አለኝ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። ልጄን የምታናግራት ማናት?»

ዞር ዞር ብሎ ልጅ አለመኖሩን ካየ በኋላ የጋቢናውን መቀመጫ ወደ ኋላ ገፋው። ከሥሩ የተበሳሳ የቆርቆሮ ሣጥን አለ፤ ሣጥኑ ውስጥ በስፖንጅ ላይ የተኛች፣ ከደብተር ብዙም የማትበልጥ፣ ስክሪኗ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ። ኃይሏን ከመኪናው ባትሪ ታገኛለች። ሽቦዎቿ ምንጣፉ ሥር ለሥር ሄደው አንዱ በሩ ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ፣ ሌላው ከስፖኪዮው ጀርባ ከተለጠፈች ጥፍር የምታክል ማይክሮፎን ይገናኛሉ። ማርሹ አጠገብ ካልኩሌተር የመሰለች የቁጥር መጫኛ አለች። ለየልጁ አንድ ቁጥር አለው።

«ለምን ትደብቃታለህ?» አልኩት።

«ልጅ ካያት በአንድ ቀን ቁልፎቿን ነቅሎ ይበላቸዋል። ሌባ ካያት ደግሞ መስታወቴን ይሰብራል» አለና አንድ ቁጥር ተጫነ።

ከበሩ ውስጥ የሴት ድምፅ ወጣ። ለስላሳ ነው፣ ግን ጠራ ያለ፤ እያንዳንዱን ቃል እጅሽ ላይ እንደሚያስቀምጥልሽ። «ድንቡሼ፣ የኔ ጉንጫም፣ ትናንት የነገርሽኝ ድመት ተገኘች ወይ?»

የምን ድመት? እኔ ስለ ድመት የሰማሁት ነገር የለም።

«ሚስቴ ናት» አለ ጋሽ ቀስ፣ ፊቴን አይቶ። «ቀስ የኔ እመቤት። ሚስቴ ናት።»

ከዚያ በኋላ የነገረኝን ነው የምጽፈው። ሚስቱ ዱሮ አብራው ትሠራ ነበር። በሩ ጋ ቆማ ልጅ የምትቀበል፣ ንፍጥ የምትጠርግ፣ የተጣሉትን የምታስታርቅ እሷ ነበረች። የራሳቸው ልጅ አልወለዱም፤ ግን የሠፈሩ ልጅ ሁሉ በክንዷ አልፏል። አንድ ዝናባማ ጠዋት ከመኪናው መረገጫ አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ በምርኩዝ ነው የምትሄደው፤ ቤቷ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። በቀረች ጊዜ ልጆቹ «እትዬስ? እትዬስ?» እያሉ ሲያለቅሱበት ጋሽ ቀስ መንዳት አቃተው። አንድ የተዘጋ የኢንተርኔት ቤት ዕቃውን ሲሸጥ ይህችን ላፕቶፕ አገኘና የሚስቱን ድምፅ ወደ መኪናው መለሰላቸው። እነዚያ ልጆች አድገው ሄዱ። የኋለኞቹ፣ ድንቡሼን ጨምሮ፣ ሴትዮዋን አይተዋት አያውቁም። ድምፁ ከበሩ ሲወጣ መኪናዋ ናት አሉ፤ እሱም በየመቀመጫቸው አርፈው ስለተቀመጡለት አላረማቸውም።

«መልሳቸውን ደግሞ ማታ ወስጄ አሰማታለሁ» አለኝ። «የነገውን ስትቀዳ ስፌቷን ታቆማለች፤ የስፌት መኪናው ድምፅ እንዳይገባ። ፍሪጁንም እናጠፋለን፤ ይጮሃላ። አንዴ ማብራቱን ረስተን ያለው ወተት ሁሉ ተበላሽቶ ነበር።» እንደ ቀልድ ነው ያወራው።

«የልጄን ድምፅ ስትቀዱ እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ጋሽ ቀስ አንገቱን ደፋ። «የዱሮዎቹ እናቶች ያውቁ ነበር» አለ። «ለአዲሶቹ መንገር ነበረብኝ። እውነትሽን ነው።»

ከልጄ አርቅልኝ ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ድንቡሼ ጠዋት ማበጠሪያዋን ይዛ ስትመጣ ትዝ አለኝና ከመኪናው ወረድኩ።

ሳይቆይ መምህሯ አስጠራችኝ። ልጅ እግር ናት፣ ትሑት፤ ከትንሿ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና «ድንቡሼ ፊደል ጠፍቶባታል» አለችኝ። «አምና የለየችውን ሁሉ ዘንድሮ አላውቅም ትላለች። ልጆቹን ወደ አንደኛ ክፍል ከማሳለፋችን በፊት በመጪው ሰኞ እያንዳንዳቸውን አስነብባለሁ። እንዲህ ከሆነች እሷን እዚሁ ማስቀረት ሊኖርብኝ ነው።»

እኔ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው የተማርኩት። ከዚያ በላይ ያልሄድኩት ስላልፈለግሁ አልነበረም፤ ልጄ እኔ ካቆምኩበት አልፋ እንድትሄድ ነው ሸሚዝ የምተኩሰው። ቤት ስንደርስ የልብስ ሳሙናውን ካርቶን አነሣሁና ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። ድንቡሼ እየተጫወተች ሳታስበው ጽሑፉን አንብባ ጨረሰችው። ወዲያው አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«አላውቀውም» አለች በጣቶቿ መሀል።

«አሁን አነበብሽው እኮ።»

«አላነበብኩም።»

«የኔ ልጅ፣ ለምንድን ነው የማታውቂ የምትመስይው?»

«ለእማማ መኪና ነግሬያታለሁ።»

«ለኔም ንገሪኝ።»

«ምስጢር ነው» አለችኝ፣ የወለድኳት ልጅ።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻልኩም። ልጄ ሆድ ውስጥ ያለውን ለማወቅ የባዳ በር ማንኳኳት ምን እንደሚመስል የሄደችበት ታውቀዋለች። እየሄድኩ ለሴትዮዋ የምላትን እያሰማመርኩ ነበር፤ ግማሹ ለወረቀት አይሆንም።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ዙሪያዋን ሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ከአሮጌ ጋዜጣ የተቀደዱ የልብስ ልኮች፣ እጅጌ፣ ኮሌታ፣ ኪስ፣ በምስማር ተሰቅለዋል። ሴትዮዋ ትንሽ ናት። ድምፅዋ ከሷ ይበልጣል። ጨርቋን ከጉልበቷ አንሥታ አየችኝና «የድንቡሼ እናት ነሽ» አለችኝ።

«በምን አወቅሽኝ?»

«ግራ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ ነው የምትቆጪው። እሷ ናት የነገረችኝ። ስትተኩሺ እንደምታንጎራጉሪም ነግራኛለች። ተቀመጪ።»

እጄን ከወገቤ ላይ አወረድኩት። ልጄን ብቻ ሳይሆን እኔንም ወስዳኛለች።

«እትዬ» አልኳት፣ «ፊደል የማታውቅ የምትመስለው ለምን እንደሆነ ነግራሻለች። ንገሪኝ።»

«ልጅ አምናኝ የነገረችኝን?»

«አዎ። እናቷ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለችና መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «አንቺ ማታ አቅፈሻት ትተኛለሽ። ስትታመም ግንባሯን የምትይዢው አንቺ ነሽ። እኔ ያለኝ ከበራችሁ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያለው መንገድ ነው፤ እሱም በድምፅ ብቻ። ይኼንንም ቀናሽበት?»

«ቀናሁ» አልኳት። «ምን ላድርግ፣ ቀናሁ።»

«እኔማ ከጀመርኩ ቆየሁ» አለች።

ያኔ ነው የተቀመጥኩት። ከዚያ እሷው ጀመረች።

«ፊደል የማያውቅ ልጅ አንደኛ ክፍል ይገባል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይገባም አልኳት፤ ሌላ ምን ይባላል? ለምን እንደጠየቀችኝ የገባኝ በማግስቱ ነው። አንደኛ ክፍል የገቡት ትልልቆቹ ልጆች ከመኪናው እንደቀሩ አይታለች። ‹እንግዲያው እኔ ፊደል አላውቅም፤ ካንቺ አልወርድም› አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

ሴትዮዋ ዓይኗን ከኔ ላይ አነሣች።

«ተረት ነገርኳት።»

«ተረት? እትዬ፣ ልጄ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ልትቀር ነው እኮ። አንቺ ተረት ትነግሪያታለሽ?»

«ባሌ ሲያሰማኝ ደግሜ ደግሜ ሰማሁት» አለች በቀስታ። «ለኔ ብሎ የቀረ ሰው አይቼ አላውቅም። ትንሽ ቀን ልያዘው ብዬ ነው። ትንሽ ቀን።»

ልጮህባት ተነሥቼ ነበር። ግን እኔም ብሆን ያንን ድምፅ ደግሜ ደግሜ እሰማው ነበር። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«መፍትሔው ቀላል ነው» አልኳት። «እኔ ልናገር። በመኪናው ውስጥ እኔ ላናግራት።»

አየችኝ። ሳቋን የዋጠች መሰለኝ። «ሞክሪው» አለች።

ጋሽ ቀስ ላፕቶፑን በጃኬቱ ሥር ደብቆ ሲመጣ ፍሪጁ ጠፋ፣ የስፌት መኪናው ቆመ፣ እኔም ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ድንቡሼ፣ እማማ መኪና ነኝ። ጎበዝ ልጅ አንደኛ ክፍል ትገባለች።» በተቻለኝ መጠን እንደሷ ለሰለስኩ። እውነቱን ለመናገር ከሷም የተሻልኩ መስሎኝ ነበር። እዚያ የመኪናው በር ውስጥ ገብቼ ልጄን የማዋራበትን ጠዋት በጉጉት ነው የጠበቅኩት።

በማግስቱ ድንቡሼ ከመኪናው ስትወርድ ፊቷ ጠቁሯል።

«ምን ሆንሽ?»

«እማማ መኪና ታማለች። ድምፅዋ እንዳንቺ ሆነባት።»

ባለቤቴ ማታ ይህን ሲሰማ ውኃው ትን አለው። ጀርባውን ስመታው ትንሽ ጠንከር አድርጌ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ወደ ሴትዮዋ ተመለስኩ። በሩ ላይ ሳለሁ «ታማለች አለች አሉ» አለችኝ።

«አንቺ ንገሪያት እንግዲህ።»

«በመኪናው ብነግራት መኪናዋ አባረረችኝ ነው የምትለው። ልጅ የተባረረበትን አይረሳም። ይዘሻት ነይ።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ድምፅ ብቻ የሆነ ባላንጣ አንድ ነገር ነው፤ ጉልበት ያለው፣ እጅ ያለው፣ ፀጉር የሚዳብስ ባላንጣ ግን ሌላ ነው። በር ውስጥ ያለችውን ሴት በገዛ እጄ አውጥቼ ለልጄ ልሰጣት ነው። መንገዱን ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ ቤቴ ደረስኩ። ሰኞን አሰብኩ፤ ትንሿን ወንበር፣ የመምህሯን ፊት። ድንቡሼን ጫማዋን አደረግሁላትና እጇን ይዤ ወጣሁ።

ገና ከበሩ ልጄ ቀሚሴ ውስጥ ተደበቀች። አንዲት የማታውቃት ሴት ምርኩዝ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ሌላ ያየችው ነገር የለም።

«ድንቡሼ፣ የኔ ጉንጫም» አለች ሴትዮዋ።

ልጄ ቀጥ ብላ ቀረች። ቀሚሴን ለቀቀች። ሄዳ የስፌት መኪናው ሥር አጎንብሳ አየች፤ ከመጋረጃው ጀርባ አየች፤ ከዚያ ወደ ሴትዮዋ አፍ ተጠግታ ቆመች።

«መኪናሽስ?» አለቻት።

«ጋሽ ቀስ ይነዳታል። እኔ የምቀመጠው እዚህ ነው፤ ድምፄን ብቻ ነው የምልከው። አንደኛ ክፍል ብትገቢም እዚሁ ነኝ። ይኸው እግሬ፤ በዚህ እግር የት እሄዳለሁ?»

ድንቡሼ ምርኩዙን በጣቷ ነካ አደረገች።

«ማስነጠስ ትችያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«እችላለሁ።»

«መኪናዋ አስነጥሳ አታውቅም።»

«ስቀዳ እየያዝኩት ነው» አለች ሴትዮዋ፣ በጣም ቁም ነገረኛ ሆና። ከዚያ ከግድግዳው አንድ የጋዜጣ እጅጌ አወረደች። «አሁን የቸገረኝን ልንገርሽ። ስሰፋ ስውል ዓይኔ ይደክመዋል፤ እነዚህ ልኮች ላይ ያለው ወሬ ሁልጊዜ ያምረኛል፣ ግን የሚያነብልኝ የለም። ጋሽ ቀስ እንደሆነ ለማንበብም ቀስ ነው፤ አንድ መሥመር ሳይጨርስ ይመሻል። ፊደል የምታውቅ ልጅ በየቅዳሜው ብትመጣልኝ እንዴት ደስ ባለኝ። አንቺ ግን ፊደል አታውቂም አሉ።»

ልጄ ወደ ኋላዋ ዞራ አየችኝ። ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ ልወቅም ብል አትነግረኝም። እኔም አንገቴን ነቀነቅኩላት። የጋዜጣውን እጅጌ ተቀበለች፣ የሴትዮዋ ጉልበት ላይ ደገፍ አለች፣ ማንበብ ጀመረች። ቃሉ መቀስ የቆረጠው ጋ ሲደርስ ታቆማለች፤ ሴትዮዋም የቀረውን ከራሷ ትጨምርለታለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ስለ ጎርፍ የተጻፈው ወሬ ብብቱ ጋ ሲደርስ የሠርግ ወሬ ሆኖ አረፈ። የሴትዮዋ እጅ የልጄን ፀጉር ይዳብሳል፤ ጠዋት እኔ ያበጠርኩትን ፀጉር። በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም አየሁ። አንጀቴ ቃጠሎውን አልተወም፤ ልጄ ደግሞ አንድም ፊደል አልሳተችም።

ሰኞ ለመምህሯ ሁሉንም አነበበች። ጋሽ ቀስ ላፕቶፑን ከመቀመጫው ሥር አላወጣትም፤ ግን አዲስ ልጅ ሲገባ እናቲቱን አስቀድሞ ወደ ሚስቱ ይዞ ይሄዳል፣ ትያት ብሎ። ልጆቹ ያው እማማ መኪና ነው የሚሏት።

ድንቡሼ አሁን አንደኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ ለላውንደሪው ቅርብ ስለሆነ በእግር አብረን ነው የምንሄደው። ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፤ የፋርማሲውን ታፔላ፣ የአናጢውን በር፣ አጥሩ ላይ በከሰል የተጻፈውን ስድብ ሳይቀር። ትናንት አንድ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ እየሮጠች አነበበችልኝና ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «ይኼንን ቅዳሜ ለእትዬ እነግራታለሁ» አለች።

«ንገሪያት» አልኳት።

እጇን ይዤ መንገዱን ተሻገርን። እስከ ቅዳሜ ድረስ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።